የወጌሻው የዎንግ ፌይ ሁንግ ሕይወትና ከሞቱ በኋላ ያገኘው ሳቅ

የሰው ስም ከሥጋው ይልቅ ረዥም ዕድሜ አለው። ሥጋ በመቃብር ሲቀር ስም ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ይኖራል። ነገር ግን ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ስም ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞር አሞሌ ጨው ነው፤ የያዘው ሁሉ ቅርጹን ጥቂት ይለውጠዋል። ደግ ሰው ከሞተ በኋላ ጀግና ይባላል፤ ጀግናው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሳቅ ምንጭ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ባጭሩ የምናቀርብላችሁ ቻይናዊው ዎንግ ፌይ ሁንግ እንዲህ ያለ ዕጣ የደረሰው ሰው ነው።

የኩንግ ፉ ፊልም የሚወድ ተማሪ ስሙን ባያውቅ እንኳ ሰውየውን ሳያየው አልቀረም። አንዱ በጃኪ ቻን መልክ እየተንገዳገደ ሲዋጋ አይቶታል፤ ሌላው በጄት ሊ መልክ ረዥም ልብስ ለብሶ በግርማ ሲቆም አይቶታል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ሰውየውን ደራሲ የፈጠረው አድርገን እንቈጥረዋለን። ዳሩ ግን ዎንግ ፌይ ሁንግ በእውነት የኖረ፥ ብዙ ሕመምተኛ ያዳነ፥ ልጁን የቀበረ፥ በመጨረሻም ቤቱ ተቃጥሎበት በድኽነት የሞተ ሰው ነው። እኛም አስቀድመን ሕይወቱን፥ ቀጥለን ደግሞ ይህ ቁም ነገረኛ ሰው ዓለምን የሚያስቅ የፊልም ሰው እንዴት እንደ ሆነ እንናገራለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ትውልዱና አስተዳደጉ

ዎንግ ፌይ ሁንግ የተወለደው በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ በደቡብ ቻይና፥ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፥ በፎሻን ከተማ አካባቢ ነው። አባቱ ዎንግ ኬይ ዪንግ ሁለት ሞያ ነበረው። አንደኛው ቅጠልና ሥር እየቀመመ ማከም ነው፤ ሁለተኛው በባዶ እጅና በዱላ የመዋጋት ጥበብ ነው። በዚያ አገርና በዚያ ዘመን እነዚህ ሁለት ሞያዎች የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። ምክንያቱም ፍልሚያ የሚያስተምር ሰው ደቀ መዝሙሩ አጥንቱ ሲሰበር፥ ትከሻው ሲወልቅ፥ ሥጋው ሲያብጥ የሚያድነው ራሱ መምህሩ ነው። በእኛ አገር ወጌሻ የተሰበረውን እንደሚያቃና፥ የወለቀውንም ወደ ቦታው እንደሚመልስ፥ የቻይናው የፍልሚያ መምህርም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ስለዚህ ዎንግ ፌይ ሁንግን ወጌሻ ብንለው ከእውነት አልራቅንም።

አባትየው አሥሩ የካንቶን ነብሮች ከሚባሉት ዝነኛ የፍልሚያ መምህራን መካከል አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ዝና እንጀራ አይሆንም። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ከአባቱ ጋራ በከተማ አደባባይ እየቆመ የፍልሚያ ትርኢት ያሳይ ነበር። ሰዎች ትርኢቱን ለማየት ሲሰበሰቡ አባቱ የቀመመውን መድኃኒት ይሸጣሉ፤ በዚያም ይኖራሉ። አንባብያን ይህን ነገር እንዲያስታውሱልን እንለምናለን። ኩንግ ፉ ለዎንግ ፌይ ሁንግ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለት ነገር ነበር፤ ራስን የመጠበቂያ ጥበብም ነበር፥ ሕዝብን የማስደሰቻ ትርኢትም ነበር። ኋላ ፊልም ሠሪዎች ያደረጉት ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በእንዲህ ያለ የአደባባይ ትርኢት ላይ ሳለ ላም ፉክ ሲንግ ከሚባል መምህር ጋራ ተገናኝቶ የብረት ሽቦ የሚባለውን ከባድ ልምምድ እንደ ተማረ ይነገራል። ከአባቱም ከእርሱም የተማረው ጥበብ ሁንግ ጋር ይባላል። በዚህ ጥበብ ጀማሪ አስቀድሞ የሚማረው መምታትን አይደለም፤ መቆምን ነው። እግሩን አራርቆ፥ ጕልበቱን አጥፎ፥ በፈረስ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ረዥም ሰዓት ይቆማል። ጕልበቱ ቢንቀጠቀጥም አይነሣም። ከዚያ በኋላ የነብርን ኀይልና የሽመላን ቅልጥፍና የሚያስመስለውን አመታት ይማራል። ዎንግ በተለይ የታወቀው በዚህ በነብርና ሽመላ ስልትና እግሩ ሲወረወር ስለማይታይ ጥላ የለሽ በተባለው እርግጫው ነው።

ወጌሻነቱና የጦር ሜዳ አገልግሎቱ

ዎንግ ካደገ በኋላ ካንቶን በምትባለው በጓንግዡ ከተማ ፖ ቺ ላም የተባለ መድኃኒት ቤት ከፈተ። ስብራትና ውልቃት ያለበት ሁሉ ወደዚያ ይመጣ ነበር። የፍልሚያ ተማሪዎችም በዚያው ይሰበሰቡ ነበር። ስለዚህ የዎንግ ቤት በአንድ በኩል ሐኪም ቤት፥ በሌላው በኩል ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ቻይና በውስጥ ዐመፅና በውጭ ኀይል የምትናወጥበት ጊዜ ስለ ነበር የሚሰበርና የሚቈስል ሰው አይጠፋም ነበር።

የጥቁር ሰንደቅ ጦር አለቃ የነበረው ሊዩ ዮንግፉ የዎንግን ሞያ ሰምቶ ወደ እርሱ እንደ ጠራው፥ የተጎዳ እግሩንም እንዳዳነለት ይተረካል። ይህ ሊዩ ዮንግፉ ዛሬ ቬትናም በሚባለው አገር ከፈረንሳውያን ጋራ የተዋጋ ዝነኛ የጦር ሰው ነው። ዎንግ በእርሱ ጦር ውስጥ የፍልሚያ አሠልጣኝና ሐኪም ሆኖ አገለገለ። በ1895 የቻይና መንግሥት በጦርነት ተሸንፎ የታይዋንን ደሴት ለጃፓን ሲለቅ ሊዩ ዮንግፉ በደሴቲቱ ላይ ሆኖ ጃፓናውያንን ተከላከለ፤ ዎንግም አብሮት እንደ ዘመተ ይነገራል። በዚያው ዓመት መጨረሻ መከላከሉ ፈረሰ። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፥ ይህ የሆነው የእኛ አባቶች ለአድዋ በሚከቱበት ወራት ነው። አድዋ በድል ሲፈጸም የታይዋን ዘመቻ ግን በሽንፈት ተፈጸመ። ዎንግም ወደ ካንቶን ተመልሶ ከዚያ በኋላ በወጌሻነቱ ጸና።

ሕይወቱ ሁሉ ግን ጦርና ቍስል ብቻ አልነበረም። ዎንግ በአንበሳ ጭፈራ የተደነቀ ሰው ነበር። በቻይና በዓል ሲሆን ሁለት ሰዎች አንድ የአንበሳ ልብስ ለብሰው፥ አንዱ ራሱን ሁለተኛው ጀርባውን ሆነው በከበሮ ይዘላሉ። ይህ ጭፈራ ጠንካራ እግር ስለሚፈልግ የኩንግ ፉ መምህራን ሥራ ነው። ስለ አራተኛ ሚስቱ ስለ ሞክ ክዌይ ላን የሚነገረው ታሪክም ከዚህ ጭፈራ የመጣ ነው። ዎንግ በትርኢት ላይ ሲራገጥ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሄደና ከተመልካቾች መካከል የቆመችውን ይህችን ወጣት መታት ይባላል። እርስዋም መምህር ነው ብላ ሳትፈራ ወደ መድረኩ ወጥታ በጥፊ መታችው፤ መምህርም ቢሆን መጠንቀቅ እንደሚገባው ነገረችው። ኋላም ተጋቡ። የቀደሙት ሦስት ሚስቶቹ ሞተውበት ስለ ነበር እስከ መጨረሻው አብራው የኖረች ይህች ናት። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ከፊልም የተወሰደ ሊመስለው ይችላል። ሳቁ በሕይወቱ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ ማለት ነው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። ዎንግ ጥበቡን ያወረሰው ልጁ ዎንግ ሆን ሰም በባላንጣ እጅ በጥይት ተገደለ። አባት ልጁን ራሱን እንዲጠብቅበት ያስተማረው ጥበብ ከጥይት አላዳነውም። ይልቁንም በጥበቡ መታወቁ ቅናትንና ጠብን አመጣበት። ዎንግ ከዚያ ወዲህ ለቀሩት ወንዶች ልጆቹ ፍልሚያ ማስተማር ተወ ይባላል። ዕድሜውን በሙሉ ያስተማረ ሰው ለገዛ ልጆቹ ሳያስተምር ሲቀር ኀዘኑ ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

በ1924 የካንቶን ነጋዴዎች ያስታጠቁት ጭፍራ ከመንግሥት ጋራ ተጣልቶ በከተማይቱ ውጊያ ሆነ። በምዕራብ ካንቶን እሳት ተነሥቶ ብዙ ቤት ሲቃጠል ፖ ቺ ላምም አብሮ ተቃጠለ። የዕድሜ ልክ ሥራው፥ መድኃኒቱና ዕቃው ሁሉ ዐመድ ሆነ። ሽማግሌው ይህን መከራ አልቻለም፤ ታመመ፥ በሚቀጥለውም ዓመት በ1925 ሞተ። የሚቀበርበት ገንዘብ እንኳ በቤቱ ስላልነበረ የቀብሩን ወጪ የቻሉት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው ይባላል። ሚስቱ ሞክ ክዌይ ላን ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻግራ የባልዋን ጥበብ እያስተማረች እስከ 1982 ድረስ ኖረች።

ስሙ እንዴት እንደ ተነሣ

የብዙ ሰው ታሪክ በዚህ ያበቃል። የዎንግ ታሪክ ግን ደቀ መዛሙርት ስለ ነበሩት አላበቃም። ከእነርሱ ዋነኛው ላም ሳይ ዊንግ ነው። ይህ ሰው የዐሣማ ሥጋ ሻጭ ነበረ። ኋላ ወደ ሆንግ ኮንግ ሄዶ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ መምህሩ በቃል ያስተማረውንም ጥበብ በመጻሕፍት አሳተመ። ከላም ሳይ ዊንግ ደቀ መዛሙርት መካከል ቹ ዩ ቻይ የተባለ ጸሓፊ ስለ ዎንግ ልብ ወለድ እየጨመረ ታሪክ ጻፈ፤ ጋዜጣ አንባቢውም ወደደው።

ዎንግ በሞተ በ24ኛው ዓመት፥ በ1949፥ ዉ ፓንግ የተባለ አዘጋጅ ይህን ታሪክ በሆንግ ኮንግ ፊልም አደረገው። ዎንግን ሆኖ የተጫወተው ክዋን ታክ ሂንግ የሚባል የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ነው። ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ዎንግን ሆኖ ከ70 በላይ ፊልሞች ሠራ፤ በ1956 ዓመት ብቻ ከ20 የሚበልጡ ወጡ። የክዋን ዎንግ ፌይ ሁንግ ጨዋ፥ ታጋሽና መካሪ ነው። አስቀድሞ እጁን አያነሣም። ተማሪው ሲያጠፋ ይገሥጻል፥ ጠላቱ ሲሸነፍ ይምራል። ተመልካቹም ክዋንን ከዎንግ እስከማይለይ ድረስ አከበረው። ክዋን ራሱም ፖ ቺ ላም የሚል ስም ያለው መድኃኒት ቤት በሆንግ ኮንግ ከፍቶ ሕመምተኛ ያክም ነበር።

በ1973 ብሩስ ሊ በ32 ዓመቱ በድንገት ሞተ። የእርሱ ፊልም ቍጣና በቀል የሞላበት ነበረ፤ ቍጣውም እውነተኛ ስለ ነበረ ተመልካችን ይማርክ ነበር። ከሞቱ በኋላ ግን ብዙዎች እርሱን ለመምሰል ቢሞክሩ አልሆነላቸውም። ከእነዚህ አንዱ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ጃኪ ቻን ነው። እርሱ ግን የተማረው ሌላ ትምህርት ነበር። በ7 ዓመቱ በሆንግ ኮንግ ከነበረው የፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ገብቶ 10 ዓመት ያህል በዱላ እየተቀጣ መገልበጥን፥ መዝለልን፥ መዝፈንንና ማሳቅን ተምሮአል። በ1978 ዩን ዉ ፒንግ የተባለው አዘጋጅ ሰካራሙ መምህር የሚባለውን ፊልም ሲሠራ ዎንግ ፌይ ሁንግን እንዲሆን ይህን ወጣት መረጠ።

በዚህ ፊልም ዎንግ ሽማግሌ መምህር አይደለም፤ ባለጌ ጎረምሳ ነው። በመምህሩ ያላግጣል፥ በገበያ ይጣላል፥ ሳያውቅ በገዛ አክስቱ እጅ ይደበደባል። አባቱ ተናድዶ ለማኙ ሶ ለሚባል ሰካራም ሽማግሌ አሳልፎ ይሰጠዋል። ይህ ሶ ከአባትየው ጋራ ከአሥሩ የካንቶን ነብሮች የሚቈጠረው ሰው ነው፤ በፊልሙ የሚጫወተው ደግሞ የአዘጋጁ የገዛ አባት ዩን ሲዩ ቲን ነው። ልጁን ቍልቍል ሰቅሎ ከታች ካለው ባልዲ በትንሽ ሲኒ ውኃ እየቀዳ ከላይ ወዳለው ባልዲ እንዲሞላ ያደርገዋል። ልጁ ይሸሻል። በመንገድ ላይ ግን አንድ ነፍሰ ገዳይ አግኝቶ ያዋርደዋል። በወንጌል እንዳለው ጠፍቶ እንደ ተገኘው ልጅ ወደ ራሱ ተመልሶ ለሽማግሌው ይገዛል፤ የስምንቱን ሰካራም አማልክት ስልት ይማራል። ከስምንቱ አንዷ ሴት ስለ ሆነች ግን የእርስዋን ስልት ንቆ ይተዋል። በመጨረሻ ያ ገዳይ አባቱን ሊገድል ሲመጣ ሰባቱ ስልቶች አልበቁትም። ያድነው ዘንድ የቀረው የናቀው ስምንተኛው ብቻ ይሆናል። ተመልካቹ እንደ ሴት እየተሽኰረመመ ሲዋጋ አይቶ ይሥቃል፤ ነገር ግን በዚያው ሳቅ ውስጥ የአባት ነፍስ ተንጠልጥላ አለች።

ሳቁ ለምን ይወደዳል?

የእንዲህ ያሉት ፊልሞች ሳቅ በብዙ አገር የተወደደበት ምክንያት እኛ እንደሚመስለን ሦስት ነው።

አንደኛው፥ ቋንቋ አያስፈልገውም። ሰው ከወንበር ሲወድቅ፥ በመጥረጊያ ሲመክት፥ ጣቱን ተመትቶ ሲያራግፍ ቻይንኛ የማያውቅ ሕፃንም ይገባዋል። ድምፅ ባልነበረው ፊልም ዘመን አሜሪካዊው ባስተር ኪተን ዓለምን ያሣቀው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ጃኪ ቻንም የእርሱን ሥራ የሚያደንቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው፥ የምናየው ድካም እውነተኛ ነው። ዝላዩን የዘለለው፥ መሬት ላይ የወደቀው የተዋናዩ የገዛ ሰውነት ነው። ካሜራውም ራቅ ብሎ ስለሚቆም ሙሉ ሰውነቱን ያሳያል። እንዲህ ያለ ሥራ ከልጅነት ያልተለማመደ ሰው ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ በሳቃችን ውስጥ አክብሮት አለ።

ሦስተኛው፥ ጀግናው እንደ እኛ ነው። የብሩስ ሊ ጀግና ከመጀመሪያው የማይሸነፍ ነው፤ እናደንቀዋለን እንጂ እርሱን መሆን አይቻለንም። ይህኛው ግን ይመታል፥ ይፈራል፥ ይሰንፋል፥ ይራባል፥ ይሸሻል። በኋላም በሥራ ብዛት ይለወጣል። ከፈተና በፊት ያለውን ሌሊት የሚያውቅ ተማሪ ያን ሲኒና ያን ባልዲ ያውቀዋል።

ጠቢቡን ማሣቂያ ማድረግ ነውር ነውን?

አንዳንድ ሰው፥ በተለይም መምህር ሊከበር ይገባል የሚል ሽማግሌ፥ ልጁን ቀብሮ በድኽነት የሞተን ወጌሻ እንዲህ ማሣቂያ ማድረግ ነውር ነው ሊል ይችላል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የሞተ ሰው ተነሥቶ ስለ ራሱ ሊከራከር አይችልምና ሕያዋን በስሙ ሲያተርፉ መጠንቀቅ ይገባቸዋል። ዎንግ አንድ ፊልም እንኳ ሳያይ፥ ከስሙም አንድ ሳንቲም ሳያገኝ ሞቶአል።

ነገር ግን ነገሩን በሌላ ወገን እንመልከት። በአገራችን አለቃ ገብረ ሐና የቤተ ክርስቲያን ትልቅ ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ዝማሜ ለእርሳቸው ሥራ መታሰቢያ ሆኖ ይኖራል። ሕዝቡ ግን ይበልጥ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው፤ እርሳቸው ያልተናገሩትንም ቀልድ ጭምር በስማቸው ይናገራል። ይህ እርሳቸውን መናቅ ነውን? አይደለም። ሕዝብ የሚወደውን ሰው በሁለት መንገድ ያኖረዋል፤ አንደኛው በሐውልት ነው፥ ሁለተኛው በሳቅ ነው። ሐውልት ቆሞ ይቀራል፤ ሳቅ ግን ከቤት ወደ ቤት ይገባል።

ደግሞም የፊልም ሰዎች ሁለቱን ያስታረቁበት ጊዜ አለ። በ1979 ሳሞ ሁንግ ሥጋ ሻጩን ላም ሳይ ዊንግን ሆኖ አንድ አስቂኝ ፊልም ሠራ። በዚያ ፊልም ዎንግን ሆኖ የመጣው ዕድሜው ከ70 ዓመት ያለፈው ክዋን ታክ ሂንግ ነው። ባላንጣው ሊደበድበው ሲመጣ ሽማግሌው ብሩሹን ይዞ ፊደል እየጻፈ ነበር። ባላንጣው ብሩሹን ሊነጥቅ፥ ወረቀቱን ሊያበላሽ ሲታገል እርሱ በአንድ እጁ እየመከተ ጽሕፈቱን ይቀጥላል። ተመልካች እዚያ ላይ ይሥቃል፤ የሚሥቀው ግን በጠበኛው ነው እንጂ በሽማግሌው አይደለም። ሽማግሌው ክብሩን እንደ ያዘ ጽሕፈቱን ይፈጽማል። በ1991ም አዘጋጁ ሱይ ሃርክና ጄት ሊ ዎንግን እንደ ገና በግርማው መለሱት። ከሳቁ በኋላ ክብሩ ያልጠፋ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ዛሬም በፎሻን ከተማ በስሙ የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ አለ፤ በዚያም የአንበሳ ጭፈራ ለእንግዳ ይታያል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅመውን ስንፈልግ ጥላ የለሹ እርግጫ አይደለም። እርግጫው ልጁን ከጥይት፥ ቤቱንም ከእሳት አላዳነለትም። ከእሳት የተረፈው ሌላ ነገር ነው፤ ያስተማራቸው ሰዎች ናቸው። ፖ ቺ ላም ሲቃጠል በሥጋ ሻጩ በላም ሳይ ዊንግ ልብ ውስጥ የነበረው ትምህርት አልተቃጠለም። ከእርሱ ወደ መጽሐፍ፥ ከመጽሐፍ ወደ ጋዜጣ፥ ከጋዜጣ ወደ ፊልም ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ድኻው መምህር ያወረሰው ሀብት ይህ ነው።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ይህን ታሪክ መምረጣችን ስለዚህ ነው። ሕንፃ ያረጃል፥ መዝገብም ይጠፋል፤ መምህር በተማሪው ልብ ያኖረው ግን ይተላለፋል። እኛም ከዚህ ስንወጣ በየሄድንበት ሥራችንን ጠንክረን ብንሠራ፥ የቀረውን ዘመን ያውቃል። ምናልባት ከእኛ በኋላ የሚመጡት ስማችንን ሲያነሡ ጥቂት ይሥቁብን ይሆናል። በሳቃቸው ውስጥ ምስጋና ካለበት ቅር አይለንም።